ሽንኩርት አንገት የለውም

ይህ እጅ ሠላሳ ዓመት ጭነት አስሯል፣
ሲሚንቶ ሽቅብ አውጥቷል፣ ድንች ቁልቁል አድርሷል።
ገመድ ስወጥር ሸራው እንደ ከበሮ ይመታል፤
«አንዲት ጠርሙስ ሰብረሃል» የሚለኝ ሰው የታል?

አሁን አይሱዙውን ሸጬ፣
በአሮጌ አባዱላ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጬ
ተራ ስጠብቅ፣ ሐምሌ ሲገባ፣ በአንድ ሰኞ ማለዳ
መጣች መምህርት ሙንተሃ፣ ዊልቸሯን በገዛ እጇ ስትነዳ።
የክረምት ትምህርት ሐረማያ፤ ሰኞ መውጣት፣ ዓርብ መውረድ።
«ችግር የለም» አልኳት፣ «ሞልቶኛል ገመድ።»

በሁለት ሳንቃ ገፍቼ፣ ጎኗን ወደ መንገዱ አዙሬ፣
ከመቀመጫ እግር ጋር አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ቋጥሬ፣
ላቤን ስጠርግ አየችኝ፤
ሳቅም ቁጣም በሌለው ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦
«ሽንኩርት አንገት የለውም፣ ጋሽ ዘርጋው።
ፍታኝ።»

ፈታኋት።

«ፊቴን ወደ ፊት። ፍሬን ሲያዝ ሰውነት ወደሄደበት ነው የሚሮጥ፤
በጎን ካስቀመጥከኝ አንገቴ ነው የሚቆረጥ።
ጎማውን አትሰር፣ ጎማ እንዲዞር ነው የተሠራ፤
ክንዴ ያረፈበትንም ተወው፣ ተነቃይ ነው፣ ቃል አያከብርም በመከራ።
አጥንቱን እሰር፣ ብረት ከብረት የተበየደበትን፤
ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።»
እምላለሁ፣ ከቦርሳዋ የማዕዘን መለኪያ አወጣች፤
«የኋላው አርባ አምስት ዲግሪ» አለች፣
አየር ላይ ቀጭን መስመር አሰመረች።
«ይኼ ለወንበሩ ነው። ለእኔ ደግሞ ሌላ፦
አንዱ በዳሌዬ፣ ከሆዴ ዝቅ ብሎ፣
አንዱ ሰያፍ በደረቴ፣ ትከሻዬ ላይ ውሎ።
እኔን ከወንበሩ ጋር ብቻ ካሰርከኝ
አብረን ነው የምንበር።»

ያን ሰኞ አልሄደችም።
እኔም እየተነጫነጭኩ ገንደ ቆሬ ወረድኩ።
በያጁ ኢልያስ ወለሉን በጣቱ አንኳኳ፤
«ይኼማ ቆርቆሮ ነው፣ ብበይደው ይቀደዳል፤
ከሻንሲው ጋር በብሎን» አለ።
አራት ቀለበት። ግማሹን እሷ ከፈለች፣ ግማሹን እኔ፤
ለምን እንደከፈልኩ አልገባኝም ያኔ።

ረዳቴ ሸምሰዲን ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል፦
«ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት! በዚህ ሰዓት ሙሉ መኪና ይጫናል።»

ሦስተኛው ዓርብ። ከሐረማያ ስንመለስ
ለባለቤቴ ጥቅል ጎመን ገዛሁ፣ የልጅ ራስ የሚያህል፣
ኋላ ወንበር ላይ እንዲሁ ጣል አድርጌ።
ደንገጎን ጉም ውጦታል። እጥፋቱ ላይ
ግመል፣
መንገዱ መሀል፣ እንደ ዳኛ ቆማ።

ፍሬን።

አራቱ ማሰሪያ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤
ሙንተሃ ባለችበት ቀረች፣ ወንበሩም ባለበት ቀረ።
ጎመኑ ብቻ
በጆሮዬ ጫፍ አፏጭቶ አልፎ
የፊቱን መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ሰነጠቀ።

ማንም አልተናገረም።
ግመሏ እያመሰኳች መንገዷን ሄደች።
ሸምሰዲን ጎመኑን በሁለት እጁ አነሣ፣
እንደሚተነፍስ ነገር፣ ቀስ ብሎ።
«ስንት ኪሎ ነው?» አለች ከኋላ።
«ሁለት።»
«እኔ ሃምሳ አራት ነኝ» አለች።
ሌላ አላለችም።

ዛሬ ሰኞ ነው።
ሸምሰዲን ማሰሪያዎቹን በአውራ ጣቱ ይፈትናል፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሰዓቱን አያይም።
ቁልፉን ላዞር ስል፣ ከኋላዬ
«የአንተስ?»

የእኔ?
ከበሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ ስንት ዓመቱ፣
ፎጣዬን የማሰጣበት።
ጎተትኩት። ተንቋቋ፣ እምቢ አለ፣ መጣ።
በነጩ ሸሚዜ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣
የድሬ አቧራ ሰያፍ መስመር አሰመረ።

«ትክክል» አለች።